ዩ-505፦ ጀርመኖች «ሰጥማለች» ብለው ያመኑባት ሰርጓጅ መርከብ

የጦር መርከብን የአገልግሎት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚቆጥሩት ቶን ነው። ስንት መርከብ አሰጠመች? የሰጠሙት መርከቦች ጠቅላላ መጠንስ ስንት ሺህ ቶን ነበር? በዚህ መለኪያ ዩ-505 የተባለችው የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ብዙ የሚወራላት አይደለችም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጠቅላላው ያሰጠመችው ስምንት መርከቦችን፣ በድምሩ ወደ 45 ሺህ ቶን የሚጠጋ ነው። ከእነዚህም አንዷ አነስተኛ የኮሎምቢያ ባለሸራ መርከብ ነበረች። ሌላዋ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ዩ-48 ብቻዋን 50 ያህል መርከቦችን ወደ ባሕር ወለል ልካለች።

ሆኖም ከሁለቱ የበለጠ ሊታወቅ የሚገባው የዩ-505 ታሪክ ነው ብዬ አምናለሁ። ጁን 4 ቀን 1944 (በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 27 ቀን 1936 ዓ.ም.) የአሜሪካ ባሕር ኃይል ይህችን መርከብ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ሳትሰጥም፣ ከነወረቀቷና ከነመሣሪያዋ ማረካት። አሜሪካኖች የጠላትን የጦር መርከብ በባሕር ላይ ተሳፍረው ሲይዙ ከ1815 ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር። ከቶርፔዶዎቿና ከሞተሮቿ ይልቅ ትልቁ ምርኮ በውስጧ የነበረው የምስጢር ወረቀት ነው። ወረቀቱ ደግሞ አንድ ከባድ ቅድመ ሁኔታ ነበረበት፤ የሚጠቅመው ጀርመኖች መርከቧ መማረኳን እስካላወቁ ድረስ ብቻ ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ስለ መርከቧ አሠራር ጥቂት ልበል፤ የኋላው ነገር ሁሉ ከዚያ የሚመነጭ ነውና።

የዚያን ዘመን ሰርጓጅ መርከብ ለወራት ከባሕር በታች ከሚቆዩት ከዛሬዎቹ የኒውክሌር መርከቦች ጋር ማምታታት አይገባም። ዩ-505 ዕድሜዋን በአብዛኛው የምታሳልፈው በውኃው ላይ ነበር። በዲዝል ሞተሮቿ በላይ ስትጓዝ በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ያህል ትሮጣለች፤ ፍጥነቷን ቆጥባ ከሄደች ነዳጅ ሳትጨምር 25 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ትችላለች። ዲዝል ሞተር ግን አየር ይፈልጋል። ስለዚህ ስትጠልቅ ዲዝሉ ይጠፋና በባትሪ የሚሠሩ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ይተካሉ። ያኔ ትልቁ ፍጥነቷ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እያዘገመች ብትሄድ እንኳ ከ120 ኪሎ ሜትር ሳትርቅ ባትሪው ያልቃል። ባትሪ ለመሙላት ደግሞ ወደ ላይ ወጥቶ ዲዝል ማስነሳት ግድ ነው። እንግዲህ ሰማዩን የሚቆጣጠር፣ ራዳር የያዘ አውሮፕላን ያለው ጠላት ሰርጓጅ መርከብን በቁሟ ሊያንቃት ይችላል ማለት ነው። ጦርነቱ ሲጀመር ጀርመንን የሚወጉት ተባባሪዎቹ አገሮች ይህ አቅም አልነበራቸውም፤ ከ1943 ወዲህ ግን በእጃቸው ገባ። በጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ላይ ካገለገሉት ወደ 40 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ውስጥ 30 ሺህ ያህሉ ሳይመለሱ የቀሩትም በዚህ የተነሳ ነው።

ዩ-505 የተሠራችው ሃምቡርግ ሲሆን አገልግሎት የጀመረችው ኦገስት 26 ቀን 1941 ነው። 77 ሜትር ገደማ ርዝመት፣ አራት የፊትና ሁለት የኋላ የቶርፔዶ መተኮሻዎች፣ ለ22 ቶርፔዶዎች የሚሆን ቦታ ነበራት። የመጀመሪያ አዛዥዋ አክስል-ኦላፍ ሎቬ ይባላል። በ1942 መጀመሪያ በጀርመን እጅ ከነበረው የፈረንሳይ ወደብ ሎሪያን ተነስታ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ወረደችና በፍሪታውን መስመር አራት የንግድ መርከቦችን አሰጠመች፤ አንድ የእንግሊዝ፣ አንድ የኖርዌይ፣ አንድ የአሜሪካና አንድ የሆላንድ። በዚያው ዓመት ክረምት በካሪቢያን ባሕር ሁለት የአሜሪካ መርከቦችንና ያችን ባለሸራ መርከብ ጨመረች። ከዚያ ሎቬ በትርፍ አንጀት በሽታ ተያዘና ተመለሱ። የዩ-505 የድል ዘመን በአብዛኛው እዚህ ላይ ያበቃል።

ሴፕቴምበር 1942 ሥልጣኑን የተረከበው ፔተር ቼሽ ወጣትና ጥብቅ መኮንን ነበር። ኖቬምበር ላይ በትሪኒዳድ አቅራቢያ አንድ የእንግሊዝ መርከብ አሰጠመ፤ ይህች ስምንተኛዋና የመጨረሻዋ ናት። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ኖቬምበር 10፣ መርከቧ በውኃው ላይ እየተጓዘች ሳለ አንድ የእንግሊዝ አየር ኃይል አውሮፕላን ሳይታሰብ ከላይ ዝቅ ብሎ መጣባት። ቦምቡ የመርከቧን ጀርባ በቀጥታ ሲመታ የፍንዳታው ኃይል አውሮፕላኑን ራሱን አወደመው፤ በውስጡ የነበሩትም ሁሉ ሞቱ። የመርከቧ መድፍ ተገንጥሎ ሄደ፣ የላይኛው ወለል ተቀደደ፣ ግፊቱን የሚቋቋመው የውስጥ ቀፎ ተጎዳ። ቼሽ ሠራተኞቹ መርከቧን ጥለው እንዲወጡ አዘዘ። መካኒኮቹ ግን ልናድናት እንችላለን ብለው ተከራከሩ፤ እውነትም ቀን ከሌት እየበየዱ፣ በጠላት ባሕር መካከል፣ መጥለቅ እስክትችል ድረስ ጠገኗት። ያን ያህል ተጎድተው ወደብ ከደረሱ ሰርጓጅ መርከቦች መካከል ዩ-505 በግንባር ቀደምትነት ትጠራለች።

በሎሪያን የተደረገላት ጥገና ወራት ፈጀ። ከዚያ በኋላ የመጣው ለሠራተኞቹ ከቦምቡ የከፋ ነበር ማለት ይቻላል። በ1943 ክረምት ደጋግማ ትወጣለች፤ ጥቂት ቀን ሳትቆይ ተበላሽታ ትመለሳለች። አንድ ጊዜ ነዳጅ የሚያፈስ ቀዳዳ፣ ሌላ ጊዜ ያለአግባብ የተበየደ ስፌት ይገኝባታል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ዛሬ በሚገባ ይታወቃል። በወደቡ ይሠሩ የነበሩ ፈረንሳውያን ሠራተኞች የወራሪያቸውን መርከብ ሆን ብለው ያበላሹ ነበር። ቢያዙ የሚጠብቃቸው ሞት ነው። ስማቸው በየትኛውም የድል ሐውልት ላይ ባይጻፍም ዩ-505ን ለወራት ከባሕር ያገዷት እነሱ ናቸው። በወደቡ ያሉ ሌሎች መርከበኞች ግን ይህን ሳያስተውሉ በቼሽ ላይ ይሳለቁ ጀመር። ጓደኞቹ ወጥተው ሲቀሩ እሱ ሁልጊዜ በደህና የሚመለስ አዛዥ ተባለ።

ኦክቶበር 24 ቀን 1943 መርከቧ በአዞረስ ደሴቶች አቅራቢያ ሳለች የእንግሊዝ የጦር መርከቦች አገኟትና የጥልቀት ቦምብ አወረዱባት። ይህ ቦምብ መርከቧን በቀጥታ መምታት አያስፈልገውም፤ በአጠገቧ ሲፈነዳ የውኃው ግፊት ብቻ ቀፎን ይጨፈልቃል፣ ቧንቧ ይበጥሳል፣ አምፖል ያረግፋል። በዚያ ጨለማና መናወጥ መካከል ቼሽ በሠራተኞቹ ፊት ሽጉጡን አውጥቶ ራሱን ተኮሰ። ምክትሉ ፓውል ማየር ወዲያው አዛዥነቱን ያዘ፤ ጥቃቱ እስኪያልፍ ሠራተኞቹን አረጋግቶ መርከቧን ወደ ሎሪያን መለሰ። የኋላ ኋላ ስለ ዩ-505 የተጻፈው ሁሉ በአሜሪካኖች ጀግንነት ላይ ሲያተኩር የማየር ነገር በአንድ መስመር ይታለፋል። አዛዡ የሞተበትን፣ ከላይ ቦምብ የሚወርድበትን መርከብ ሃምሳ ከሚያህል ሰው ጋር ወደብ ያደረሰ ሰው ከዚያ የተሻለ ቦታ ይገባዋል።

ቀጣዩና የመጨረሻው አዛዥ ሃራልድ ላንገ ከንግድ መርከብ አገልግሎት የመጣ ተጠባባቂ መኮንን ነበር። ከቼሽ በዕድሜ ይበልጣል፣ በጠባዩም ረጋ ያለ ነው። በዲሴምበር 1943 መጨረሻ የሰጠመ የጀርመን የጦር ጀልባ ሠራተኞችን፣ ከ30 በላይ ሰዎችን፣ ከባሕር አውጥቶ ብሬስት ወደብ ገባ። ማርች 1944 ላይ እንደገና ወደ ምዕራብ አፍሪካ ወጣ። አንድም መርከብ ሳያገኝ ሜይ መጨረሻ ላይ ወደ ቤት ጉዞ ጀመረ።

በዚያው ጊዜ ካፒቴን ዳንኤል ጋለሪ የሚመራው የአሜሪካ ቡድን በአካባቢው እያደነ ነበር። ቡድኑ ጓዳልካናል የምትባል አነስተኛ የአውሮፕላን ተሸካሚና አምስት አጃቢ የጦር መርከቦችን የያዘ ነው። ጋለሪ በልቡ የቋጠረው ሐሳብ ነበረው። ኤፕሪል ላይ ዩ-515 የተባለችን ሰርጓጅ መርከብ ወደ ላይ እንድትወጣ ካስገደዱ በኋላ በመድፍና በሮኬት ደብድበው አሰጥመዋታል። ቀረብ ብለው ሲያስቡት ግን አንዲት መርከብ ወደ ላይ ወጥታ ሠራተኞቿ ሲዘልሉ፣ እስክትሰጥም ድረስ ያለችው አጭር ጊዜ ሰው ለማሳፈር ትበቃለች። ስለዚህ በሜይ ሲወጡ እያንዳንዱ መርከብ ዘልሎ የሚሳፈር ቡድን አዘጋጀ፣ የመጎተቻ ገመድም ተሰናዳ። ትእዛዙም ተለወጠ፤ ጠላት ወደ ላይ ከወጣ በትናንሽ መሣሪያ ብቻ ሠራተኞቹን ከመርከቧ አስወጡ፣ መርከቧን ግን አትስበሩ ተባለ።

ጁን 4 ቀን እሑድ ነበር። ቡድኑ ነዳጁ እያለቀ ስለነበር ፍለጋውን ትቶ ወደ ካዛብላንካ ዞሯል። ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ላይ፣ ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ቻተሌይን የተባለችው አጃቢ መርከብ በሶናር፣ ማለትም ከውኃ በታች ያለን ነገር በድምፅ በሚያገኝ መሣሪያ፣ አንድ ነገር ያዘች። ከላይ የሚያንዣብቡት ሁለት ተዋጊ አውሮፕላኖች የሰርጓጇን ጥላ በጠራው ውኃ ውስጥ አይተው ቦታውን በጥይት አመለከቱ። ቻተሌይን የጥልቀት ቦምብ ጣለች። ከመጀመሪያው ጥቃት ሰባት ደቂቃ ሳይሞላ ዩ-505 ወደ ላይ ብቅ አለች። መሪዋ ወደ ቀኝ ታጥፎ ተነክሷል፤ ላንገ ሲወጣ ክፉኛ ቆሰለ። መርከቧን ለመተው ትእዛዝ ሰጠና ሠራተኞቹ ወደ ባሕር ዘለሉ። አንድ ጀርመናዊ ብቻ ሞተ፤ የቀሩት 58ቱ ከውኃ ተለቅመው ተማረኩ።

ሰው አልባዋ መርከብ ሞተሯ ስላልጠፋ በክብ እየዞረች ትሮጣለች። የኋላ ክፍሏ እየሰጠመ ነው። ከፒልስበሪ መርከብ የተላከች ጀልባ ደረሰችባትና ሌተናንት አልበርት ዴቪድ ከሁለት መርከበኞች ጋር ቀድሞ በጠባቡ መውረጃ ወደ ውስጥ ገባ። ከታች ተደብቆ የሚጠብቅ ጀርመናዊ ይኑር፣ ፈንጂ ይኑር አያውቁም። ደግሞም ከዚያ በፊት ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ገብተው አያውቁም። ጀርመኖቹ መርከቧን ለማስጠም የባሕር ውኃ ማጣሪያ ቧንቧን ክዳን ከፍተው ስለሄዱ ውኃ በኃይል ይገባ ነበር። ዜነን ሉኮሲየስ የተባለ የሞተር ሠራተኛ ክዳኑን አግኝቶ በቦታው መልሶ አሰረው፤ ጎርፉ ቆመ። ጥቂት ደቂቃ ቢዘገይ ዛሬ ስለ ዩ-505 የሚነገር ነገር አይኖርም ነበር። ሌሎቹ የፈንጂዎቹን ሽቦ እየፈለጉ ሲበጣጥሱ፣ ቀሪዎቹ መጽሐፍትና ወረቀት እየተቀባበሉ ወደ ላይ ያወጡ ጀመር። የጀርመን ባሕር ኃይል የምስጢር ሰነዶች ውኃ ሲነካቸው በሚሟሟ ቀለም ይታተሙ ስለነበር ወረቀቱ መዳን የነበረበት ደርቆ ሳለ ነው።

መርከቧን ማቆየቱ ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። ኧርል ትሮሲኖ የተባለ የጓዳልካናል መሐንዲስ ዘይት በተቀላቀለበት ውኃ ውስጥ ከወለሉ ሥር እየተሳበ የቧንቧዎቹን መስመር ተከታትሎ ቫልቮቹን ዘጋ። ፓምፖቹን ለማስነሳት ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል፤ ባትሪው ግን ደክሟል። የማያውቁትን ዲዝል ሞተር ማስነሳትም አደገኛ ነው። ትሮሲኖ ዲዝሎቹን ከዘንጉ አላቀቀና መርከቧ በፍጥነት እንድትጎተት ጠየቀ። ስትጎተት ውኃው የኋላ ፕሮፔለሮቹን ያዞራል፣ ፕሮፔለሮቹ የኤሌክትሪክ ሞተሮቹን ያዞራሉ፣ ሞተሮቹም በተራቸው እንደ ጄኔሬተር ኃይል አመንጭተው ባትሪውን ይሞላሉ። እንደታሰበው ሆነ፤ ፓምፖቹ ሠሩ፣ መርከቧ ቀና አለች። ከዚያ ከ4 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጎትታ ጁን 19 ቀን ቤርሙዳ ገባች።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ከመርከቧ 400 ኪሎ ያህል የምስጢር ሰነድና መሣሪያ ወጣ፤ ኢኒግማ የተባሉት የምስጢር መጻፊያ መኪናዎችም ተገኙ። ኢኒግማን ከነዚህ በፊት ተባባሪዎቹ ያውቁታል። እንግሊዞች በሜይ 1941 ከዩ-110 ሰነድ ማርከዋል። በኦክቶበር 1942 ደግሞ ከግብጽ ጠረፍ ፊት ለፊት ከምትሰጥመው ዩ-559 ውስጥ ሁለት የእንግሊዝ መርከበኞች ሕይወታቸውን ሰጥተው የኮድ መጻሕፍት አውጥተዋል። ስለዚህ ዩ-505 ኢኒግማን ለመጀመሪያ ጊዜ አስፈታች የሚለው ተደጋግሞ የሚነገር ወሬ ትክክል አይደለም።

ታዲያ ምን አዲስ ነገር ሰጠች? መኪናውን ማወቅ ብቻ አይበቃም። የሚዞሩት ጎማዎች የትኞቹ እንደሆኑ፣ ከየት እንደሚጀምሩ፣ የፊት ሰሌዳው ገመዶች የት እንደሚሰኩ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ላኪውና ተቀባዩ ይህን የሚያስተካክሉት አስቀድሞ በታተመ ሠንጠረዥ ነው። ኮድ ፈቺዎቹ ሠንጠረዡን ስለማያገኙት በትላልቅ መኪናዎች ቀንና ሌሊት ስሌት ይሠሩ ነበር። ዩ-505 በወቅቱ የሚሠራበትን ሠንጠረዥ ይዛ ስለነበር ይህን ሁሉ ድካም ለተወሰነ ጊዜ አስቀረች። ሁለተኛው ምርኮ ይበልጥ የከበደ ይመስለኛል። ጀርመኖች የውቅያኖሱን ካርታ በፊደልና በቁጥር በተሰየሙ አራት ማዕዘኖች ከፋፍለውታል፤ አንዲት መርከብ የት እንዳለች የሚገለጸው በነዚህ ነው። የአራት ማዕዘኖቹን ስም ደግሞ በሌላ መጽሐፍ ይሸፍኑት ነበር። መልእክቱ ተፈትቶ እንኳ «የት?» የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል። ያ መጽሐፍ ከዩ-505 ተገኘ። በተጨማሪም የመርከብ ፕሮፔለር ድምፅ ተከትሎ የሚሄድ አዲስ ዓይነት ቶርፔዶ ተማረከ፤ ይህን ቶርፔዶ የሚያስቱበትን ማታለያ ለማሻሻል ለባለሙያዎች የቀረበ ዕድል ነበር።

ይህ ሁሉ ግን አፍ ካልተዘጋ ከንቱ ነው። ቁልፉ እንደተሰረቀ ያወቀ ባለቤት ወዲያው መዝጊያውን ይቀይራል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ዋና አዛዥ አድሚራል ኧርነስት ኪንግ ዜናውን ሲሰማ የተቆጣውም ለዚህ ነው። የኖርማንዲ ወረራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ጀርመኖች መርከባቸው መያዟን ቢጠረጥሩና ኮዳቸውን ሁሉ ቢቀይሩ፣ ተባባሪዎቹ በዘመኑ እጅግ በሚያስፈልጋቸው ሰዓት ዐይናቸው ይጠፋ ነበር። ኪንግ ጋለሪን በጦር ፍርድ ቤት ለማቆም እስከማሰብ ደርሶ ነበር ይባላል። በኋላ ግን ጋለሪ ተሸለመ፤ ዴቪድም ትልቁን የአሜሪካ የጀግንነት ሜዳይ አገኘ፤ ሆኖም ከመረከቡ በፊት ስላረፈ ሜዳዩን ባለቤቱ ተቀበለች።

ምስጢሩ የተጠበቀው በሁለት መንገድ ነው። በቡድኑ ውስጥ የነበሩት 3 ሺህ ያህል መርከበኞች ያዩትን ለማንም፣ ለእናትም ቢሆን፣ እንዳይናገሩ ታዘዙ። ጦርነቱ እስኪያበቃ አንድም ቃል አልወጣም። ሁለተኛው መንገድ ግን ሲያስቡት ይከብዳል። 58ቱ ምርኮኞች ሉዊዚያና ውስጥ ካምፕ ራስተን በሚባል ቦታ ከሌሎች ምርኮኞች ተለይተው ተቀመጡ። ቀይ መስቀል እንዳያገኛቸው ተከለከለ፤ ደብዳቤም አልተፈቀደላቸውም። የ1929ኙ የጄኔቫ ስምምነት ምርኮኛ ለቤተሰቡ መኖሩን እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ይህ ተጣሰ። የጀርመን ባሕር ኃይል ሁሉንም እንደሞቱ ቆጠራቸው፣ ለቤተሰቦቻቸውም ይኸው ተነገረ። ሴቶች ባል እያላቸው ሐዘን ተቀመጡ። የአሜሪካን ውሳኔ ምክንያት በሚገባ እረዳለሁ፤ በኖርማንዲ ባሕር ላይ የነበሩትን መርከቦች ማሰብ ይበቃል። ነገር ግን ይህ ጥቅም የተገኘው በነዚያ ቤተሰቦች እንባ ጭምር መሆኑን ሳይናገሩ የማረኩበትን ዕለት ብቻ ማወደስ ታሪኩን መግመስ ነው። ምርኮኞቹ የመጨረሻዎቹ ወደ አገራቸው የተመለሱት በ1947 ነው።

መርከቧ ራሷ ከጦርነቱ በኋላ በአሜሪካ ወደቦች ለሕዝብ ታየች፤ ከዚያ በፖርትስማውዝ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ግቢ ተጥላ ዛገች። የተኩስ ዒላማ አድርጎ ለማስጠም ታስቦ ነበር። የጋለሪ ወንድም የሆነ ቄስ የቺካጎ የሳይንስና የኢንዱስትሪ ሙዚየም እንዲወስዳት አግባባ። በ1954 በካናዳ ወንዝና በታላላቆቹ ሐይቆች በኩል ተጎትታ ቺካጎ ደረሰች፣ የሐይቁን ዳር አውራ ጎዳና ተሻግራ ሴፕቴምበር 25 ቀን በባሕር ላይ ለሞቱ መርከበኞች መታሰቢያ ሆና ተመረቀች። ውስጧ ግን በዓመታቱ ተገፍፎ ባዶ ቀርቶ ነበር። የሙዚየሙ ኃላፊ መርከቧን የሠሩትን የጀርመን ድርጅቶች የጎደለውን ዕቃ እንዲሰጡት በደብዳቤ ጠየቀ፤ ድርጅቶቹም ያለክፍያ ላኩለት። ለሃምሳ ዓመት ያህል በዝናብና በቺካጎ በረዶ ስትበላ ከቆየች በኋላ በ2004 ከመሬት በታች ወደተሠራላት አዳራሽ ገባች። ቺካጎና አካባቢዋ ያላችሁ አንባቢዎች ሄዳችሁ ውስጧን መጎብኘት ትችላላችሁ።